በጋ ሲገባ በባሕር ጠረፍ ከተማ የጓሮ አትክልት እንዴት ይተከላል?

ባሕር አጠገብ አትክልት ለመትከል ካሰባችሁ፣ ከችግኙ በፊት ነፋሱን አስቡ። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ ያቃጥላል፤ አፈሩንም ቶሎ ያደርቃል። አንድ ዓመት ቲማቲም ያለ መከለያ ተክዬ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው በባሕሩ በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። በሽታ መስሎኝ ስንት ቀን ተጨነቅኩ!

ስለዚህ መጀመሪያ መከለያ ሥሩ። ግንብ ይሻላል ብላችሁ እንዳታስቡ። ነፋሱ ግንቡን ዘሎ ከኋላው ይሽከረከርና ተክሉን ያንገላታዋል። ግማሽ ያህሉን ነፋስ የሚያሳልፍ መረብ፣ የቀርከሃ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ይበልጣል። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ መከለያ ከኋላው ያለውን 5 ሜትር ያህል መሬት በደንብ ይጠብቃል። ጥላው ግን መደቡ ላይ እንዳያርፍ። አብዛኛው አትክልት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል።

ቀጥሎ አፈሩ። የጠረፍ አፈር ብዙ ጊዜ አሸዋማ ነው፤ ውኃም ማዳበሪያም አይዝም። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ኮምፖስት አልብሱትና ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉት። ጓሮ የሌለው ሰው በረንዳ ላይ በ20 ሊትር ባልዲ ቲማቲም ማብቀል ይችላል። ባልዲውን ከሥሩ መብሳት እንዳይረሳ።

ምን ይተከል? ለጀማሪ ቆስጣና ቀይ ሥር እመክራለሁ። ሁለቱም ጨው ይችላሉ። ቲማቲምና ዝኩኒ መከለያ ካገኙ ጥሩ ይሆናሉ። ፎሶሊያ፣ ካሮትና ሽንኩርት ጨው አይወዱም፤ ከነፋሱ ራቅ ያለውን ጥግ ስጧቸው። ሌሊቱ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ቲማቲሙን አታጣድፉት። ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል።

ችግኙን በቀጥታ አትትከሉት። ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ቀን ደጅ አውጡት፤ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ በየቀኑ ጨምሩለት። ሲለምድ፣ ፀሐይ በረድ ስትል አመሻሽ ላይ ትከሉት። በቲማቲሞቹ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ። የባሕር አየር እርጥበት ስላለው፣ የተጠጋጋ ተክል በቀላሉ ሻጋታ ይይዘዋል።

ውኃውን ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ። በሳምንት ለ1 ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል፣ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፍላችሁ። አሸዋማ አፈር በጣም ሲሞቅ ከዚህም በላይ ይፈልጋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ጨውን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ጠለቅ ያለ ውኃ ግን ወደ ታች ያጥበዋል። ከዚያ አፈሩን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በደረቅ ሣር ሸፍኑ።

ኃይለኛ የባሕር ነፋስ ባደረ ማግስት ደግሞ፣ ከላይ ያልኩትን ተዉትና ቅጠሉን በንጹህ ውኃ እጠቡት። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በጠዋቱ።