የጨረቃ ሌሊት ዘፈንና ጭፈራ እንዴት ይሰበሰባል?

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ከሰማይ ጋር የተያያዘውን ዘፈንና ጭፈራ ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው፣ ከድምፅ መቅጃው በፊት የጨረቃዋን ዕድሜ ይቁጠር። ይህን የተማርኩት ኮምቦልቻ ዳር ነው፤ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት አንዲት እናት ቤት ሄጄ «እማማ፣ የጨረቃ ዘፈን ይንገሩኝ» ብላቸው፣ በሩን ከፈት አድርገው ጨለማውን እያሳዩኝ «ልጄ፣ የታለችና!» ብለው ሳቁብኝ። መብራት ባልነበረበት ጊዜ ልጃገረዱና ጎረምሳው ተሰብስቦ የሚጫወተው በጨረቃ ብርሃን ስለነበር፣ ትዝታውም የሚመጣው እሷ ስትኖር ነው።

ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ስለምትዘገይ፣ ከመሙላቷ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀድሞ መሄድ ይሻላል። ያኔ ገና ሲመሽ ሰማይ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴን ለደመናው ተዉት።

የመውሊድ ሌሊት የተለየ ነው። በጨረቃ በሚቆጠረው የእስልምና አቆጣጠር ረቢዑል አወል በሚባለው ወር 12 ላይ ስለሚውል ጨረቃዋ ለመሙላት ተቃርባለች፤ በመንዙማው ነቢዩ በሙሉ ጨረቃ ሲመሰሉ የሰማ ሰው ወደ ደጅ ወጥቶ ቀና ቢል ምሳሌውን ያየዋል። መንዙማን ግን ዘፈን ብላችሁ አትጥሩ፣ ያስቀይማል፤ ሐድራውን፣ ማለትም መንዙማው የሚባልበትን የጸሎት ስብስብ፣ ከሚመሩት አባቶች ፈቃድ ሳታገኙም አትቅዱ።

«ኮከብ ያለበት ዘፈን ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። ይልቅ ጭፈራው እስከ ስንት ሰዓት ይዘልቅ እንደነበር ጠይቁ። «የአጥቢያ ኮከብ እስክትወጣ» ካሏችሁ፣ ወሩንና የማን ሠርግ እንደነበር አስከትሉ፤ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬኑስ ለወራት ከንጋት በፊት በምሥራቅ ትታይና ሌላ ጊዜ በምዕራብ የምሽት ኮከብ ስለምትሆን፣ መልሱ ግጥሙን ከወቅቱ ጋር ያያይዝላችኋል።

ቅኝቱንም መዝግቡ፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ አገር ስለሆነ፣ ማሲንቆ መቺው ትዝታ ነው ወይስ ባቲ ቢባል ወዲያው ይነግራችኋል። እስክስታውን ስትቀርጹ ትከሻው ከፊት እንዲታይ ቁሙ፣ የስልኩን መብራት ግን አታብሩ፤ መብራት ሲበራባቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ጭብጨባውም ይላላል። ምስሉ ቢጨልምም ድምፁ ይበቃል።