ሙቅ ውኃ በሰዓቱ፦ ቤቱን ራሱ ለሚያሠራ ሰው የቦይለርና የሶላር መቆጣጠሪያ አዘረጋግ

አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲሠራ ማሞቂያ የሚያስፈልገው ለክፍሉ ሳይሆን ለውኃው ነው። ይሁንና ብዙ ሰው ስለ ሙቅ ውኃ የሚያስበው ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ቦይለር ለመግዛት ሲወጣ ነው። ያኔ ታይመር የሚገባበት ቦታ ቦርዱ ላይ የለም፣ ከጣሪያ የሚወርድ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) አልተቀበረም፣ ቦይለሩም ምጣዱ በተሳበበት መስመር ላይ ይቀጠላል። መቆጣጠሪያው መወሰን ያለበት ግድግዳው ሳይለሰን ነው፤ ዕቃው በኋላ ቢገዛም መንገዱ አስቀድሞ መቀበር አለበት።

ከልስን በፊት

ከማከፋፈያ ቦርዱ ወደ ቦይለሩ ለብቻው የሚሄድ መስመር ይሳቡ፦ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ፣ ሦስቱም ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በ16 አምፒር ብሬከር። ይህ እስከ 3 ኪሎዋት ላለው ቦይለር ይበቃል። ታንክ የሌለውና ውኃውን በቅጽበት የሚያሞቀው የሻወር ማሞቂያ ግን ሌላ ነገር ነው። 5.5 ኪሎዋት የሆነው 25 አምፒር ስለሚስብ ባለ 6 ሽቦና 32 አምፒር ብሬከር ይፈልጋል። በኋላ ሐሳብ ይቀየር ይሆናል የሚል ሰው ከአሁኑ ባለ 6 ቢቀብር ይሻለዋል።

ከጣሪያ ወደ ቦርዱ ሁለት ኮንዲዩት ያውርዱ፤ አንዱ ለሶላሩ ኤለመንት (ውኃውን በኤሌክትሪክ ለሚያሞቀው ክፍል)፣ ሌላው ለሙቀት መለኪያው ቀጭን ሽቦ። ሁለቱ በአንድ ኮንዲዩት አብረው ከወረዱ የኃይል ሽቦው የመለኪያውን ንባብ ይረብሸዋል፤ የሶላሩ መቆጣጠሪያ ማሳያ ላይ ቁጥሩ ይዘላል፣ መቆጣጠሪያውም ያለ ምክንያት ይበራል ይጠፋል። ቦርዱም ሲገዛ ለወደፊት ስምንት ያህል ባዶ ሞጁል (የአንድ ብሬከር ስፋት ያለው ቦታ) ይኑረው፤ አርሲዲው (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው)፣ ታይመሩና ኮንታክተሮቹ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ፣ ከባድ ጭነት የሚሸከሙ ማብሪያዎች) የሚቀመጡት እዚያ ነው።

የቦይለሩ ማብሪያ ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ የሚቆርጥ፣ 20 አምፒር፣ መብራት ያለው ይሁን፤ ቦታውም ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ነው። 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ የግድ ነው። ኧርዝ ሳይኖር አርሲዲ ብቻ ማስገባት ግን በቂ አይደለም፦ ኧርዝ ካለ ኤለመንቱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው ይቆርጣል፤ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው። የኧርዝ ዘንጉ የሚቀበረው መሠረቱ ሲቆፈር ቢሆን ሥራው ቀላል ነው።

ቧንቧውንም አብረው ያስቡ። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ)፣ ለሙቅ ውኃ የሚሆነው ፒኤን20 የግፊት ደረጃ፣ በአንድ ሜትር ወደ 0.14 ሊትር ይይዛል። ቦይለሩ ከኩሽናው 15 ሜትር ከራቀ ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ፈስሶ ነው ሙቁ የሚመጣው፤ ሲዘጋም ያው ሁለት ሊትር ሙቅ ውኃ ግድግዳ ውስጥ ይበርዳል። መታጠቢያ ቤቱና ኩሽናው ጀርባ ለጀርባ ቢሆኑ ማንኛውም ስማርት መሣሪያ ከሚያድነው የበለጠ ይድናል።

ታይመሩ ስንት ሰዓት ይሥራ?

አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 80 ሊትር ቦይለር ውስጥ በ18 ዲግሪ የገባን ውኃ 60 ዲግሪ ለማድረስ 42 ዲግሪ መጨመር አለበት፤ ይህ ወደ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኤለመንቱ 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይወስዳል፤ 50 ሊትሩ ደግሞ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ።

ይህ ግን መስመሩ 220 ቮልት ሲሆን ነው። የኤለመንት ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ነው የሚወርደው። ማታ ማታ መስመሩ 180 ቮልት በሚደርስበት ሰፈር 1.5 ኪሎዋቱ 1 ኪሎዋት ይሆናል፣ 80 ሊትሩም አራት ሰዓት ይጠጋል። «ቦይለሩ ደከመ» ተብሎ ኤለመንት የሚቀየርበት አብዛኛው ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው። መጀመሪያ በመልቲሜትር ቦይለሩ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን ይለኩ።

80 ሊትር በ60 ዲግሪ፣ ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ በ40 ዲግሪ ሲወርድ፣ በተግባር ወደ 120 ሊትር ይሰጣል። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያፈስ ሻወር፣ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቢያዝ፣ ለሦስት ሰው ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰው የሚታጠብበት ቤት ታይመሩን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያድርገው፤ በዚያ ሰዓት ጭነት ስለሚቀንስ ቮልቴጁም የተሻለ ነው።

ታይመር ላይ በጣም የሚዘወተረው ስህተት የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እሱ ላይ 03:00 ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት 06:00፣ ከቀኑ 11 ሰዓት 17:00፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት 19:00። 09:00 ብሎ የሞላ ሰው ውኃው የሚሞቅለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ ሁሉም ከቤት ከወጣ በኋላ ነው።

ጥርስ ያለው ክብ ታይመር ርካሽና ለመረዳት ቀላል ነው፤ ውስጡ ባትሪ ከሌለው ግን መብራት በጠፋበት ልክ ወደ ኋላ ይቀራል። ሳምንት ሙሉ መብራት ሲመጣ ሲሄድ ከቆየ ሌሊት የተባለው ረፋድ ላይ ይገኛል። ባለ ባትሪውን፣ በቦርዱ ሐዲድ ላይ የሚቀመጠውን ዲጂታል ይግዙ። በዋይፋይ የሚሠራ ማብሪያ የሚፈልግ ሰው አምፒሩን ይይ፦ 10 አምፒር ተብሎ የሚሸጠው ላይ 9 አምፒር የሚስብ 2 ኪሎዋት ቦይለር በቀጥታ መጫን ተርሚናሉን ያቀልጠዋል። ማብሪያው የኮንታክተሩን ኮይል (ኮንታክቶቹን የሚያንቀሳቅሰውን ጥቅል ሽቦ) ብቻ ያብራ፣ የቦይለሩን ኃይል ኮንታክተሩ ይሸከም።

ታይመር የሚያድነውን ግን አናጋንን። በደንብ የተሸፈነ 80 ሊትር ቦይለር ቀኑን ሙሉ ሙቅ ሆኖ ቢቆይ በብክነት የሚያጣው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታይመሩ የሚቀንሰው ከዚህ ላይ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጭነቱን ከምጣዱ ሰዓት ማራቅ ነው።

ምጣድና ቦይለር እንዳይጋጩ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት፣ ማለትም እስከ 18 አምፒር ይስባል። ቦይለርና ምድጃ ሲጨመሩበት ዋናው ብሬከር ይወርዳል፤ ባይወርድም ቮልቴጁ ይወድቅና እንጀራው ዐይን አያወጣም። መፍትሔው ምጣዱ ሲበራ ቦይለሩን በራሱ የሚያጠፋ ኮንታክተር ነው። የሚገዛው 25 አምፒር፣ ሁለት በመደበኛ ሁኔታ ዝግ የሆኑ ኮንታክቶች ያሉት ነው፤ ሱቅ ላይ «ሁለት ኤንሲ» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ያለው ተቃራኒው ዓይነት ስለሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሳያዩ አይውሰዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናውን ይዝጉና መጥፋቱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ። የቦይለሩ ፌዝና ኒውትራል በሁለቱ ዝግ ኮንታክቶች ውስጥ ይለፉ፤ ኧርዙ ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ ይለፍ። የኮይሉ ሁለት ጫፎች፣ ኤ1 እና ኤ2፣ ከምጣዱ ማብሪያ በኋላ ካለው ፌዝና ከምጣዱ ኒውትራል ጋር ይገናኙ። ከማብሪያው በፊት ከተገናኙ ኮይሉ ሁልጊዜ ስለሚበራ ቦይለሩ ለዘላለም አይሠራም። ምጣዱ ሲበራ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የቦይለሩ መብራት ይጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይመለሳል።

ኮይሉ በትክክል የሚይዘው ከ187 ቮልት በላይ ሲያገኝ ነው። ከዚያ ሲወርድ መንዘር ይጀምራል፣ ሲነዝር ደግሞ ኮንታክቱ ብልጭ እያለ ይቃጠላል። ስለዚህ ከፊቱ የቮልቴጅ መከላከያ ያስገቡ፤ መብራት ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚያዘገየውን ቢመርጡ የመጀመሪያው የቮልቴጅ ዝላይ ያልፋል።

ቴርሞስታቱና ሴፍቲ ቫልቩ

ቴርሞስታቱ (ውኃው ስንት ዲግሪ ሲደርስ ማሞቁ እንዲቆም የሚወስነው) 60 ላይ ይሁን። ከዚያ ዝቅ ብሎ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ መካከል የሚቆይ ውኃ ሌጂዮኔላ ለሚባለው ባክቴሪያ ይመቻል፤ ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ካልኩ (ከውኃው የሚወጣው ነጭ ኖራ) ቶሎ ይጋገራል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ውኃ የሚያገኙ ሰፈሮች ይህን በፍጥነት ያያሉ። 60 ዲግሪ ውኃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈትን ያስተምር።

ከመደበኛው ቴርሞስታት ጋር ከ85 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ የሚቆርጥ፣ በቀይ ቁልፍ የሚመለስ ሁለተኛ መከላከያ አለ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በመከላከያውና በመፍላቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ቀዩ ቁልፍ ከወጣ ተጭኖ መሄድ አይገባም፤ ወይ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል፣ ወይ ኤለመንቱ በካልኩ ታፍኗል። ቁልፉን በሽቦ ማለፍ ቦይለሩን ቦምብ ያደርገዋል።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚገባው ሴፍቲ ቫልቭ ሁለት ሥራ አለው፦ ግፊቱ ብዙ ጊዜ 8 ባር ሲደርስ ያፈስሳል፣ የመስመሩ ውኃ ሲጠፋ ደግሞ በውስጡ ባለው ቼክ ቫልቭ (ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግደው) የቦይለሩን ውኃ ይይዛል። 80 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ስለሚሰፋ በሞቀ ቁጥር መንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም። «ያፈስሳል» ተብሎ በታፓ የሚደፈን ቫልቭ በየሰፈሩ አለ፤ ደፋኙ የዘጋው ብቸኛውን የግፊት መውጫ ነው። በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይምሩትና ክፍት ይተዉት። ቫልቩ ጭራሽ ከወጣ ደግሞ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቦይለሩ ወደ መስመሩ ይገለበጣል፣ ኤለመንቱም በባዶ ይነዳል። ለዚህም ነው አዲስ ቦይለር ሲገጠም የሙቅ ውኃው ቧንቧ ተከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውኃ በደንብ እስኪፈስ ድረስ ማብሪያው የማይነካው።

ሶላር ሲጨመር፦ ተራው የፀሐይ ነው

ታንኩ ከላይ፣ የመስታወት ቱቦዎቹ ከሥር የሆነው ያለ ፓምፕ የሚሠራው ዓይነት ለአዲስ አበባ ይስማማል። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ዝንባሌው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ። በክረምት ፀሐይ በሰሜን በኩል ብታልፍም ያኔ ደመና ነው፤ ብዙ ሙቀት የሚገኘው በበጋ፣ ፀሐይ በደቡብ ስታልፍ ነው። ባለ 200 ሊትሩ ውኃ ሲሞላ ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ስለሚጠጋ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ አይቀመጥም። ኮንክሪት ወይም ከግድግዳ የተነሣ የብረት መቆሚያ ይፈልጋል።

ውስጡ ያለው መጠባበቂያ ኤለመንት ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። በቴርሞስታት ብቻ ከተተወ ሌሊት ውኃውን አሙቆ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሚሞቅ ነገር አታገኝም። ማታ የሚታጠብ ቤት ኤለመንቱን በታይመር ከቀኑ 11 ሰዓት (17:00) እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል (19:30) ብቻ ያብራ፣ ቴርሞስታቱንም 50 ላይ ያድርግ። ፀሐይ ካሞቀችው ቴርሞስታቱ አያበራም፤ ቀኑ ደመና ውሎ ውኃው 35 ላይ ከቀረ ግን 1.5 ኪሎዋቱ 200 ሊትሩን በሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያደርሰዋል። በሳምንት አንድ ቀን እስከ 60 እንዲደርስ ያድርጉ። ጠዋት የሚታጠብ ቤት ንጋት ላይ ያሙቀው፤ ታጥቦ ሲያልቅ ታንኩ ለፀሐይ ቀዝቃዛ ይሆናል።

ከታንኩ የሚወጣው የመጀመሪያው ሁለት ሜትር ቧንቧ ብረት ወይም መዳብ ይሁን። በበጋ ማንም ሳይጠቀምበት የዋለ ታንክ 90 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ፒፒአር ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚችለው 70 አካባቢ ነው። ግፊት በሌለው ታንክ ላይ ያለው የአየር መውጫም ፈጽሞ አይዘጋ። ባዶ የዋሉ ቱቦዎች ላይ እኩለ ቀን ውኃ መልቀቅ መስታወቱን በቅጽበት ይሰነጥቀዋል፤ የሚሞላው ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ነው።

አንድ ብልሽት አለ፣ ባለሙያም የሚያሳስት። ሶላሩ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከፓምፕ ይመጣል። ማደባለቂያው ሲከፈት ጉልበት ያለው ቀዝቃዛ ወደ ሙቁ መስመር ይገባል፣ ወደ ላይ ወጥቶም ታንኩን ያቀዘቅዛል፤ ከመጠን ሲያልፍ ከጣሪያው በአየር መውጫው ይፈስሳል። ሰው ሶላሩ አይሠራም ብሎ ይፈታዋል፣ ሶላሩ ግን ደህና ነው። ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ሮቶ ይውረዱ፤ ይህ ካልተቻለ በሙቁ መውረጃ ላይ ቼክ ቫልቭ ይግባ። ሮቶው በአንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ ቼክ ቫልቩ ስፕሪንጉ የላላ፣ በቀላሉ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት።

ከተገጠመ በኋላ በወር አንዴ የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ። በዓመት አንዴ ደግሞ ኃይሉን ዘግተው፣ ውኃውን አፍስሰው ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዚየም ዘንግ ያውጡ። ውስጡ ያለው የብረት ሽቦ በግልጽ ከታየ ይቀየር፤ እሱ ካለቀ በኋላ ዝገቱ የሚጀምረው ከታንኩ ብየዳ ነው፣ የበሳ ታንክ ደግሞ አይጠገንም።