የጊታር ጣቶች አልታዘዝ ሲሉ

ጊታር ከጀመሩ ሰዎች የማይጠፋ እሮሮ አለ፦ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አልታዘዝ ይላሉ። ብዙዎች “ጣቴ ደካማ ነው” ብለው በእጅ የሚጨመቅ ስፕሪንግ ይገዛሉ። ባትገዙ ይሻላል። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው፤ የጎደለውም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አይደለም።

የቀለበት ጣት ሲሠራ ትንሿ ብድግ ትላለች

መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የመሃል ጣታችሁን ከመዳፋችሁ ሥር እጠፉና የቀለበት ጣታችሁን ብቻ ለማንሳት ሞክሩ። ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። በእጅ ጀርባ በኩል የእነዚህን ጣቶች ጅማቶች እርስ በርስ የሚያያይዙ ማሰሪያዎች አሉ። ስለዚህ ሙሉ ነጻነት አትጠብቁ። የሚሠለጥነው አላስፈላጊውን እንቅስቃሴ መቀነስ ነው።

አራቱን ጣቶች በወፍራሙ 6ኛ ክር 5ኛ፣ 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ፍሬት (አንገቱን በብረት የሚከፋፍሉት ቦታዎች) ላይ አሳርፉ። ሦስቱ ባሉበት ይቆዩና ጠቋሚ ጣትን ብቻ ወደ 5ኛው ክር አሻግሩ። ከዚያ የመሃሉን፣ የቀለበቱን፣ ትንሿን። ተራ የሚጠብቁት ክሩን ይንኩ እንጂ አይጫኑት። ሜትሮኖሙ (ምት ጠባቂው) በደቂቃ 50 ምት ላይ ይሁን። በቀለበት ጣት ተራ ትንሿ ከክሩ ከተነሳች ፈጥናችኋል፤ ወደ 40 ውረዱ። እዚህ ጋ በጣም ታገሡ። ጣት በፍጥነት የተማረውን ስህተት ማስለቀቅ ከባድ ነው። በየቀኑ 5 ደቂቃ ቅዳሜ ከሚሠራ አንድ ሰዓት ይበልጣል።

ሲሰለቻችሁ በሜጀር ትዝታ ቅኝት ሥሩት። 6ኛው ክር 8ኛ ፍሬት ላይ የሲን (C) ድምፅ በትንሿ ጣት ያዙ። ቀጥሎ 5ኛው ክር ላይ 5ና 7፣ 4ኛው ክር ላይ 5ና 7፣ መጨረሻ 3ኛው ክር 5ኛ ፍሬት። 5 ሁሌ የጠቋሚ፣ 7 ሁሌ የቀለበት ጣት ነው። ሰነፎቹ ጣቶች ዜማ እየሰሙ ሲሠሩ ደስ ይላል!

ድምፁ ይንጣጣል ወይም ይታፈናል

ጣታችሁ ከፍሬቱ ብረት ርቋል። ብረቱን ሳትረግጡ ከኋላው ተጠጉ። አሁን ክሩን ነካ ብቻ አድርጉትና በቀኝ እጃችሁ እየመታችሁ ጫናውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ድምፁ የጠራበት ቦታ ላይ አቁሙ። የሚያስፈልገው ጫና ያን ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኞቻችን ከዚያ በላይ እንጨምቃለን።

አውራ ጣት ይዝላል

የጊታሩን አንገት እየቆነጠጣችሁ ነው። አውራ ጣታችሁን ከአንገቱ አንስታችሁ አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሞክሩ፤ የክንድ ክብደት ብቻውን ብዙ ይሠራል። ከዚያ ከመሃል ጣት ትይዩ መልሱት፣ የእጅ አንጓም አይታጠፍ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ 1ኛው ፍሬት አሁንም አልጫን ካለ፣ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ይሆናል። ጊታር ጠጋኝ ዝቅ ያደርገዋል። የጣት ጫፍ መቆጥቆጥ የተለመደ ነው። መደንዘዝ ወይም አንጓ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን የልምምድ አካል አይደለም። ወዲያው አቁሙ፤ ካልተወ ሐኪም ይየው።