ማኅተም ብቻ ስንለምን፦ ህልምንና ጥሪን ስናገናኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀበሌ ጉዳይ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። አንዳንዴ ደብዳቤውን ራስህ ጽፈህ፣ ራስህ ፕሪንት አስደርገህ ትሄዳለህ። የቀረህ ማኅተም ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ሳታነበው ጠቅ ብታደርግልህ ደስ ይልሃል።

እኔ ለዓመታት ስጸልይ የነበረው እንደዚያ ነው። ህልሙን እጨርሳለሁ፣ ወጪውን አሰላለሁ፣ ለጓደኞቼ አወራለሁ። ከዚያ በኋላ «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ» እላለሁ።

ሙያዬ ሂሳብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፌሎሺፕ ውስጥ አገለግል ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ ደግሞ በወጣቶች ክፍል ቆየሁ። እዚያ ብዙ «ራእይ አለኝ» ሰምቻለሁ፣ የራሴንም ጨምሮ። ከታች ያሉት ስህተቶች ከዚያ የለቀምኳቸው ናቸው። አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

1. ወስኖ ከጨረሱ በኋላ መጸለይ

የዲቪ ሰሞን በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርእስ ይበዛ ነበር። ዲቪ ላይ ቂም የለኝም፣ እኔም ሞልቼ አውቃለሁ። ግን ምን እንል እንደነበር ልብ በሉ። «ከደረሰኝ የጌታ ፈቃድ ነው፤ ካልደረሰኝ በሚቀጥለው ዓመት እሞላለሁ።» አዎ ካለን ሰማን። አይ ካለን አልሰማንም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች አሉ። ወደ እገሌ ከተማ ሄደን፣ አንድ ዓመት ተቀምጠን፣ ነግደን እናተርፋለን የሚሉ። ያዕቆብ መነገዳቸውን አልነቀፈም። ማቀዳቸውንም አልነቀፈም። የቀረባቸው «ጌታ ቢፈቅድ» የሚለው ነው፣ እሱም ከዕቅዱ በፊት።

እኔ አሁን የምጠቀምባት ትንሽ ፈተና አለችኝ። ከዚህ ዕቅድ ውስጥ እግዚአብሔር ቢለውጠው የምቀበለው የትኛውን ነው? ከተማውን? ጊዜውን? ገንዘቡን? አንድም ከሌለ፣ እያሳወቅሁት እንጂ እየጠየቅሁት አይደለም።

2. ጥሪ ማለት መድረክ ነው ብሎ ማሰብ

አንድ ሰው «ጥሪ አለኝ» ሲለን ወዲያው የምናስበው ሰባኪ፣ ዘማሪ ወይም ወንጌላዊ ነው። «ጥሪዬ ቧንቧ መጠገን ነው» ቢለን እንስቃለን።

ጳውሎስ ግን በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር የተገናኘው በዚሁ ሙያ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ አለ። ከእሱ በጣም ቀደም ብሎ ደግሞ ባስልኤል አለ። ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር «መንፈሴን ሞላሁበት» የሚለው ይህ ሰው ነቢይ አልነበረም። ወርቅ፣ ብር፣ ናስና እንጨት የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነበር።

ሌላም አለ። የምታደርጉትን ሁሉ ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉት የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ በኳየር ልምምድ ላይ እንሰማዋለን። ቆላስይስ 3ን ከፍ ብላችሁ አንብቡት። የተነገረው ለባሪያዎች ነው። ሥራቸውን ላልመረጡ፣ ደመወዝ ለማያውቁ፣ መድረክ ለማያልሙ ሰዎች።

ማርቲን ሉተር በ16ኛው መቶ ዘመን ይህን ነገር አጥብቆ ያስተምር ነበር። መነኩሴው ብቻ አልተጠራም፤ ጫማ ሰፊውም እናትየዋም ተጠርተዋል ይል ነበር። እስከ ዛሬ በጀርመንኛ «ቤሩፍ» የሚለው ቃል ሙያ ማለት ነው፤ ሥሩ ግን መጥራት ነው።

ይህ ስህተት ጉዳቱ ሁለት ነው። መድረክ የማይሆንለትን ሰው መድረክ ላይ ያወጣዋል። ጎበዝ ነርስ ወይም መምህር የሆነችውን ደግሞ ዕድሜ ልኳን «እኔ እኮ አገልግሎት የለኝም» ያሰኛታል።

3. የወደድኩት ሁሉ ሥጋዊ ነው ማለት

የቀደመው ተቃራኒ ነው። አንዳንድ ሰው ከባድና የማይወደው ነገር ካልሆነ የእግዚአብሔር አይመስለውም። ሥዕል ስለሚወድ ብቻ ሥዕሉን ይተዋል። የመክሊቱን ምሳሌ አስታውሱ፤ አንዱን መክሊት የቀበረው ሰውዬ የተናገረው «ፈራሁ» ብሎ ነው። ብዙ ትሕትና የሚመስል ነገር ሲገለጥ ፍርሃት ነው።

4. ትንቢትን እንደ ሥራ ቅጥር ደብዳቤ መያዝ

26 ዓመቴ ነበር። ባንክ እሠራለሁ። አንድ የአዳር ጸሎት ላይ፣ የማላውቀው ሰው እጁን ጫነብኝና «በብዙ ሕዝብ ፊት ቆመህ አይሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም። ለፓስተሬ አልነገርኩም። ለእናቴም አልነገርኩም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሥራ መልቀቂያ አስገባሁ።

ከስምንት ወር በኋላ ከታናሽ እህቴ የታክሲ እየተበደርኩ ነበር። የቆምኩበት ሕዝብ ብዛት፣ አንድ ቀን በአንድ የገጠር አጥቢያ፣ ዐሥራ አምስት ገደማ ሰው ነው። ከእነሱም አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ።

የተናገረኝን ሰው አልወቅስም። እሱ አየሁ ያለውን ተናገረ። መቼ፣ የትና እንዴት የሚለውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ሁሉን ፈትኑ ይላል። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንዘላለን።

ከዚህ ይበልጥ የሚደንቀኝ ናታን ነው። ዳዊት ቤተ መቅደስ መሥራት አማረው። ለነቢዩ ነገረው። ናታንም ወዲያው፣ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ነውና በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ አለው። እውነተኛ ነቢይ ነው። ሐሳቡም መልካም ነው። ግን በዚያው ሌሊት እግዚአብሔር ተናገረውና ናታን ቃሉን ይዞ ወደ ዳዊት ተመለሰ፤ የምትሠራው አንተ አይደለህም ብሎ። ዳዊት በማግሥቱ ጠዋት መሠረት ቆፍሮ ቢሆን ኖሮስ? ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ምን ክፋት አለው።

አሁን በዓመት አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያናችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሂሳብ ሪፖርት አቀርባለሁ። አዳራሹ ሙሉ ነው። «ትንቢቱ ይሄ ይሆን እንዴ?» እያልን ከእህቴ ጋር እንስቃለን።

5. ኤርምያስ 29፥11ን ብቻውን መስቀል

ስንት ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ»። ምርቃት ላይ ኬክ ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ።

ቃሉ ደብዳቤ ነው። የተላከው ወደ ባቢሎን ተማርከው ለሄዱ ሰዎች ነው። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ምዕራፍ 28 ላይ፣ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ተናግሮ ነበር። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገውን። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት አለ። ሰባው ዓመት የተጻፈውም ከዚያች ከምንወዳት ቃል አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ የሚመለሰው፣ ደብዳቤውን ከሰሙት አዋቂዎች መካከል ስንቱ ነው?

እስከዚያው ምን ያድርጉ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለተማረካችሁባት ከተማም ጸልዩ ተባሉ። ጠላት ለሆነችው ከተማ።

ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛ አለኝ። «ጥሪዬ ኢትዮጵያ ነው፣ እዚህ ለጊዜው ነኝ» እያለ ለብዙ ዓመት ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ይተኛ ነበር። አልጋ መግዛት መቅረት ይመስለው ነበር። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምንም ኃላፊነት አይቀበልም፤ ሊሄድ ነዋ። አንድ ቀን ይህን ምዕራፍ አብረን በስልክ አነበብነው። ሲጨርስ ዝም አለ። በሳምንቱ የአልጋ ፎቶ ላከልኝ።

6. የተከፈተ በር ሁሉ ከእግዚአብሔር፣ የተዘጋ በር ሁሉ ከሰይጣን

ዮናስ ወደ ኢዮጴ ሲወርድ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ ቆማ አገኘ። ለዋጋውም ገንዘብ ነበረው። በእኛ አነጋገር «በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ»። ጳውሎስ ደግሞ በእስያ ሊሰብክ ሲል መንፈስ ቅዱስ ከለከለው፤ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሲሞክርም አልተፈቀደለትም። የከለከለው ሰይጣን አልነበረም።

ይህን ሳስብ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱትና ተሽጦ ተሽጦ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ነፃ ወጣ። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተማረ፤ ስዊድንም ሄዶ ሠለጠነ።

ህልሙ ግልጽ ነበር። ወደ ወገኖቹ መመለስና ወንጌልን በቋንቋቸው መንገር። የዚህን ህልም ንጽሕና ማን ይጠራጠራል? በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አልሆነም። በኋላ በሌላ አቅጣጫ እስከ እንጦጦ መጣ፤ ከዚያ እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም። ተመልሶ እምኩሉ ገባ።

እዚያ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ አብራው ሠራች። ከልጅነቱ ከአገሩ የተወሰደ ሰው ነውና የቋንቋው ጥልቀት ያስቸግረው ነበር፤ የእሷ ቃላት መሰብሰብ ሥራውን ደገፈው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከመጀመሪያው ሙከራው ከ20 ዓመት በላይ አልፎ። እስኪያርፍ፣ እስከ 1931፣ እዚያው አስተማረ።

በሩ ተዘግቶ ነበር? አዎ። ህልሙ ስህተት ነበር? አይደለም፣ በመጨረሻ ገባ። ስለዚህ በር ብቻውን ብዙ አይነግረንም። እኔን የሚገርመኝ ግን በተዘጋው በር ፊት በእነዚያ ዓመታት የሠራው ነው። «ወለጋ ካልገባሁ ሥራዬ አልጀመረም» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ መጽሐፉ ማን እጅ ላይ ይወድቅ እንደነበር አላስበውም።

7. የጥሪን ዋጋ ቤተሰብ እንዲከፍል ማድረግ

አጭር ላድርገው፣ ምክንያቱም ያንገበግበኛል። «ጌታ ጠርቶኛል» ብሎ የቤት ኪራይ የማይከፍል አባት አለ። ሚስት ጉሊት ትቸረችራለች፣ እሱ ይጾማል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ፣ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ይከፋል ብሎታል። ኢየሱስም ማርቆስ 7 ላይ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ እያሉ ለአባትና ለእናታቸው የሚገባውን የሚከለክሉትን ገሥጿል። ለእግዚአብሔር የተባለ ገንዘብ እንኳ ወላጅን ማስራቢያ አይሆንም።

8. መጸለይና ማቀድን ማጣላት

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ወሬ የሰማው በካሴሉ ወር ነው። ለንጉሡ የተናገረው በኒሳን። አራት ወር ገደማ ጸለየ። ግን ንጉሡ «መቼ ትመለሳለህ?» ሲለው ጊዜውን ቆርጦ ነገረው። የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ። እንጨት እንዲሰጠው፣ የዱሩን ጠባቂ አሳፍን በስሙ ጠርቶ ጠየቀ። ይሄ ሰው እየጸለየ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ነው የከረመው። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። «ጌታ ያውቃል» እያልን በጀት የማንሠራ ሰዎች ይህን መጽሐፍ በየዓመቱ ማንበብ አለብን። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ትንሽ አዳልቼ ይሆናል።

9. እኔ ካልሠራሁት ይቅር ማለት

ወደ ዳዊት ልመለስ። አንተ አትሠራውም ከተባለ በኋላ አኩርፎ አልተቀመጠም። 1ኛ ዜና መዋዕል 22 ላይ ድንጋይ ያስጠርባል፣ የዝግባ እንጨት ያስመጣል። ለበሮቹ ምስማር የሚሆን ብረት እንኳ ያዘጋጃል። የልጁ የሰሎሞን ስም የሚጠራበት ቤት ነው። እሱ ምስማር ይቆጥራል።

የእኔ ህልም በሰፈራችን ላሉ ልጆች ነፃ የማስጠናት ፕሮግራም መክፈት ነበር። ስም አውጥቼለት፣ ሎጎ ሁሉ አሠርቼለት ነበር። ሳልጀምረው ቀረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በዕድሜ ታናሼ የሆነ አንድ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ጀመረው። ስሙም ሌላ፣ አሠራሩም እኔ ካሰብኩት ሌላ ነው። ለሦስት ወር ያህል በዚያ በኩል ማለፍ አልወድም ነበር። በአራተኛው ወር ልጁ ራሱ ቤት መጣ። «ጋሼ፣ ደረሰኝ አያያዝ አናውቅም፣ ቢያሳዩን?» አለኝ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ነኝ። ልጆቹ በአንድ ክፍል ክፍልፋይ ይማራሉ፣ እኔ በሌላው የደብተርና የእስክሪብቶ ደረሰኝ እለጥፋለሁ።