የብየዳ ጋዝ ሲሊንደር ለማስሞላት ወይም ለመቀየር ስትሄዱ

ባዶውን መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፤ ሲሊንደሩ የማን ነው?

የአቅራቢው ከሆነና እናንተ ማስያዣ ብቻ ከፍላችሁ ከሆነ፣ ባዶውን ሰጥታችሁ ሙሉ ትወስዳላችሁ። ይሄ ፈጣን ነው። የማስያዣውን ደረሰኝ ብቻ አትጣሉ። የራሳችሁ ከሆነ ግን "የራሴው ይሞላልኝ" በሉ። አለዚያ አዲስ ሰጥታችሁ ያረጀ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። የሲሊንደሩን ቁጥር ቀድማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ቁጥሩ የሚገኘው አንገቱ ስር ብረቱ ላይ ተመትቶ ነው። እዚያው ባዶ ክብደቱና የመጨረሻው የግፊት ምርመራ የተደረገበት ቀን አለ። ምርመራው እንደ ሲሊንደሩ ዓይነትና እንደየአገሩ ደንብ ብዙ ጊዜ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ ይደገማል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ያገለገለ የኦክስጅን ሲሊንደር በርካሽ ገዛሁ። መሙያው ጋ ስደርስ ቀኑን አይተው መለሱኝ። በጣም ተናደድኩ። ትክክሎቹ ግን እነሱ ነበሩ። 150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ያለው ጋዝ በዛገ ብረት ውስጥ መሙላት በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ቀኑን እዩ።

በቀለም ብቻ አትተማመኑ። በድሮው የእንግሊዝ ደንብ ኦክስጅን ጥቁር ነበር። አሁን ባለው የአውሮፓ ደንብ ትከሻው ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ናይትሮጅን ነው። በቻይና ደግሞ ኦክስጅን ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። እኛ አገር ሲሊንደር ከየአቅጣጫው ስለሚገባ የተለጠፈውን ስም አንብቡ።

ጋዙን ጭልጥ አድርጋችሁ አትጨርሱት። 2 ባር ያህል ሲቀር ቫልቩን ዝጉት፤ አለዚያ አየርና እርጥበት ይገባበታል። ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) ፍቱ፣ የቫልቩን ክዳን ግጠሙ።

መሙያው ጋ ስትደርሱ ሳትለኩ አትክፈሉ። ኦክስጅንና አርጎን በጌጅ (በግፊት ማሳያው) ይታወቃል። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ከሞላ 6 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ አለው። ጌጁ 120 ካለ 5 እንኳ አይሞላም። ገና እንደተሞላ ሞቅ ስለሚል ቤት ሲደርስ ጌጁ ትንሽ ቢወርድ አትደንግጡ።

አሴቲሊን ግን ሌላ ነው። ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ነገር አለ፤ እሱም አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ጠጥቷል። ጋዙ የሚቀመጠው አሴቶኑ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ስለዚህ የጌጁ ንባብ አያስተማምንም፣ ሚዛን ላይ ይውጣ። ከመሞላቱ በፊትና በኋላ አስመዝኑት። ልዩነቱ የገዛችሁት ጋዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ በሚዛን ነው።

በጣም የምለምናችሁ ስለ ጉዞው ነው። ሲሊንደር ባጃጅ ውስጥ አጋድሞ መሄድ፣ ወይም አሴቲሊንን በተዘጋ መኪና መጫን ይቅር። ትንሽ ካፈተለከ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ክፍት ፒክአፕ ላይ አቁማችሁ በገመድ ወይም በሰንሰለት ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ቫልቩ ተመትቶ ቢሰበር የኦክስጅን ሲሊንደር እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። አሴቲሊኑ ተጋድሞ ከመጣ፣ አሴቶኑ ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት አቁሙት እንጂ ወዲያው አትበይዱበት።

ሬጉሌተሩን ስትገጥሙ እጃችሁን ታጠቡ። ዘይትና ግሪስ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ክብሪት ሳይጫር ይነድዳሉ። ጋራዥ ውስጥ እጅ ንጹሕ ማድረግ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይሄን አትዝለሉት። የአሴቲሊን ዳዶ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው፤ ስለዚህ እምቢ ሲላችሁ አታስገድዱት። ቫልቩን ከጎን ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው።

በመጨረሻ የገጠማችሁበትን ቀን በጠመኔ ሲሊንደሩ ላይ ጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞላችሁ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያቆያችሁ ስለምታውቁ፣ ሥራ መሃል ሳያልቅባችሁ ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ።