የደረቀ የቆዳ ማሰሪያ ሳይሰበር እንዴት ይለፋል?

የመጀመሪያውን ማሰሪያ የሰበርኩት እኔው ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ጎረቤቴ እ.ኤ.አ. የ1912 ሞዴል ቲ ፎርድ መኪና አለው፤ ጋራዡ ውስጥ ለዓመታት የቆመ። የሸራ ጣሪያውን ሊያወርድ ሲታገል «እስቲ ላግዝህ» ብዬ ዘለበቱን ለመፍታት ማሰሪያውን አጠፍኩት። ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ ቂጣ ለሁለት። ሰውየው አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ የባሰውም እሱ ነው።

አባቴ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር። አገር ቤት የበቅሎ ዕቃ ሲደርቅ ማንም መጀመሪያ አያጥፈውም። ይቀባል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ይለፋል። «ልፋት» የምንለው ድካምም የዚሁ የቆዳው ሥራ ቃል ነው።

ቆዳ የሚታጠፈው በውስጡ ያለው ቅባት ክሮቹን ስለሚያንሸራትታቸው ነው። ፀሐይና ሙቀት ቅባቱን ሲጨርሱት ክሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ ስታጥፉት መንሸራተቱ ቀርቶ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ዘይት ሳይጠጣ አይታጠፍም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ማሰሪያው የሚድን መሆኑን እዩ። በነጭ ደረቅ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ከቀረ ቆዳው ከውስጥ በስብሷል፤ የትኛውም ዘይት አይመልሰውም። ውሃ ከነካውማ ይጠቁራል። እሱን ለልክ መውሰጃ አስቀምጡት።

የሚድን ከሆነ ከመኪናው አውርዱት። በሞዴል ቲ ከጣሪያው ፊት ተነስተው ወደ መኪናው አፍንጫ የሚወርዱት ረጃጅም ማሰሪያዎች ዘለበታቸው ከተፈታ ይወጣሉ። ዘለበቱ ዝጎ ከያዘ አትጎትቱ። በስቴኪኒ ጫፍ ምላሱ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጉና እስከ ነገ ተዉት። ከሸራው ጋር የተሰፋ ወይም በሪቬት የተመታ ማሰሪያ ካለ ባለበት ይቀባል፤ ግን ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፉ፣ ዙሪያውንም በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ሸራ ላይ የፈሰሰ ዘይት ይስፋፋል እንጂ አይለቅም።

ቀጥሎ ጽዳት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ የኮርቻ ሳሙና (ለቆዳ ዕቃ ማጽጃ የሚሆነውን) አረፋውን ብቻ በእርጥብ ስፖንጅ ወስዳችሁ ጥረጉት። መዘፍዘፍ የለም። ዘለበቱ ነሐስ ከሆነ ሥሩ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይኖራል፤ ቅባቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ነው። በስቴኪኒና በጥጥ ይወጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አንድ ቀን አቆዩት። የፀጉር ማድረቂያ ወይም ፀሐይ እንዳታስጠጉበት። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተርና እንደ እንጨት ይሆናል።

አሁን ዘይቱ። እኔ ኒትስፉት የሚባለውን እመርጣለሁ፤ ከከብት እግር አጥንት የሚወጣ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ንጹህ» የሚለውን ፈልጉ፤ ርካሹ ከማዕድን ዘይት ጋር የተቀላቀለ ነው። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይሰርጋል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ከሥጋው በኩል ጀምሩ፤ ሸካራው ወገን የበለጠ ይጠጣል። ከዚያ የጠጉሩን በኩል። የመጀመሪያው ቅብ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ያኔ «ጠምቶታል» ብሎ መድገም ያምራል። አትድገሙ። 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላ ስስ ቅብ። የእኛ አራት ቀን ፈጀ። ቀለሙ ይጠቁራል፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ዘይት ከበዛበት ደግሞ ቆዳው እንደ ስፖንጅ ይላላል፣ የተሰፋበት ክርም ይበሰብሳል።

ቅቤስ? በየቀኑ የሚሠራበት የበቅሎ ዕቃ ላይ ሲቀባ አይቻለሁ። ጋራዥ ለሚቆም መኪና ግን ይሸታል፣ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። የሞተር ዘይትማ ጭራሽ አይነሳ።

ከሁለተኛው ቅብ በኋላ ማልፋት ይጀመራል። ማሰሪያውን መጀመሪያ በሰፊ ጣሳ ዙሪያ ለስለስ አድርጋችሁ አጎንብሱት። በማግስቱ በጠርሙስ፣ ከዚያ በመጥረጊያ እንጨት። እየጠበበ ይሄዳል። የሚንጣጣ ድምፅ ከሰማችሁ እዚያው አቁሙና ሌላ ቅብ ጨምሩ። ቀዳዳዎቹ አካባቢ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ሲለሰልስ የተረፈውን ዘይት ጥረጉና ሰም ያለበት የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቡት፤ ዝናቡን ይመልሳል። ከሳምንታት በኋላ ነጭ ነገር ቢወጣበት ሻጋታ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ለብ ያለ አየር ስትነፉበት ከቀለጠ የቆዳው ቅባት ነው፤ በጨርቅ ጥረጉት። ካልቀለጠ ግን ሻጋታ ሊሆን ይችላል፣ ቦታው ረጥቧል ማለት ነው።

ላዩ ላይ ብቻ ያለ ስንጥቅ ችግር የለውም። ውፍረቱን አልፎ የሄደ ከሆነ ግን ያን ማሰሪያ መንገድ ላይ አትመኑት። ነፋስ ጣሪያውን ወደ ኋላ ሲገፋ የሚይዘው እሱ ነው።

እኔ የሰበርኩትን ለመተካት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በዕፅዋት የተለፋ ቆዳ ገዛን። ስፋቱን ከስባሪው ወሰድን። ቀዳዳዎቹን ግን ከእሱ አልገለበጥንም፤ አሮጌው ቆዳ ልኩን ስቷል። ጣሪያውን ወጥረን፣ አዲሱን ማሰሪያ ዘለበቱ ውስጥ አስገብተን ምልክት አደረግን። መብሻውን ጎረቤቴ ራሱ ያዘ፤ ለእኔ አልሰጠኝም።