የሳብውፈር ኦም ከአምፕ ጋር እንዴት ይገጥማል?

የመጀመሪያውን አምፔን፣ ለስፒከር ጉልበት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ያቃጠልኩት በገጠምኩበት ቀን ነው። ቪትዜ ላይ ሁለት ሳብውፈር (የባስ ስፒከር) ነበር የምገጥመው። ሳብውፈሮቹ 4 ኦም (ከረንትን የሚቋቋሙበት መጠን) ይላሉ፣ አምፑም ብሪጅ ሲደረግ፣ ማለትም ሁለቱ ቻናሎቹ (መውጫዎቹ) እንደ አንድ ሲሠሩ፣ 4 ኦም ይላል። በቃ ገጠመ ብዬ ፕላሱን ሁሉ ከፕላስ፣ ማይነሱን ሁሉ ከማይነስ አሰርኩ። ብዙም ሳይቆይ አምፑ ራሱን ሲከላከል የሚያበራው ቀዩ የፕሮቴክት መብራት በራ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ደገምኩት። በሦስተኛው ከወንበሩ ስር የተቃጠለ ሽታ መጣ።

መጀመሪያ አምፑ የሚችለውን ዝቅተኛ ኦም ከማኑዋሉ እዩ። ከዚያ ከፍ ቢል ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። ዝቅ ካለ ግን ከአቅሙ በላይ ከረንት ይስባል። ብሪጅ ሲደረግ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የኦሙን ግማሽ ነው። ስለዚህ በስቴሪዮ (ቻናሎቹ ለየብቻ ሲሠሩ) 2 ኦም የሚችል አምፕ፣ ብሪጅ ላይ ከ4 በታች አይሰጠውም።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ሳብውፈሩ አራት ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) ካለው ሁለት ኮይል (ውስጡ ያለ የሽቦ ጥቅልል) አለው ማለት ነው። "4 ኦም" የሚለው ጽሑፍ የእያንዳንዱ ኮይል ነው። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። የሁለቱን ሳብውፈሮች አራቱንም ኮይል በፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ስላሰርኩ 4 ለ4 ተካፍሎ 1 ኦም ሆነ።

ትክክለኛው አስተሳሰር ይሄ ነበር። በእያንዳንዱ ሳብውፈር ላይ የአንደኛውን ኮይል ማይነስ ከሁለተኛው ኮይል ፕላስ ጋር አገናኙ። ይሄ ሲሪየስ ነው፤ 4 ሲደመር 4፣ 8 ኦም። የቀሩትን ፕላስና ማይነስ ከሌላኛው ሳብውፈር ፕላስና ማይነስ ጋር በፓራለል እሰሩ። 8 ለሁለት ሲካፈል 4 ይሆናል። አንዱን ሳብውፈር ገልብጣችሁ ካሰራችሁ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ ድራሹ ይጠፋል።

ኦሙን ከፍ ለማድረግ ሬዚስተር ጨምር የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የከፈላችሁበትን ጉልበት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው።

ወደ አምፑ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለቱን የመጨረሻ ሽቦዎች በቴስተር ለኩ። ርካሹም ይበቃል። 4 ኦም የሆነው 3.5 አካባቢ ቢያነብ አትደንግጡ፤ ቴስተሩ የሚለካው የኮይሉን ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ወደ 1 ከተጠጋ ግን የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

የባትሪውን ማይነስ ፈታችሁ ነው የምትሠሩት፤ እሱን አልነግራችሁም። ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አጫውቱና አምፑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፉና ሽቦውን ከመጀመሪያው እዩት።